«ሲቲ ስካን ተነስቼ ነጻ ነኝ»፦ ስለ አንጀት ካንሰር ገዳሪፍ ላይ የሚባለውና እውነቱ

«ደሙ ኪንታሮት ነው፤ ያልፋል።»
ምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ የከረመ ሐበሻ ኪንታሮትን በአረብኛው «ባዋሲር» ይለዋል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። በመስኖ ውሃ አካባቢ ለኖረ ደግሞ ቢልሃርዚያ አንጀት ያቆስላል፣ ፖሊፕ የሚባል እባጭ እስከማብቀልም ይደርሳል። ችግሩ የትልቁ አንጀት ካንሰርም እንዲሁ መድማቱ ነው። ደሙን በማየት ብቻ ማንም አይለየውም።

«ሲቲ ተነስቻለሁ፤ ምንም የለብኝም።»
የቱን ሲቲ? ለሆድ ሕመም የሚታዘዘው ተራ ሲቲ አንጀት ሳይጸዳ ስለሚነሳ ሰገራውን ከፖሊፕ ለመለየት ያስቸግራል። ካንሰርን አስቀድሞ ለመፈለግ የሚደረገው ሲቲ ኮሎኖግራፊ ሌላ ነው። በዋዜማው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይጠጣሉ፤ በቀጭን ቱቦ አንጀት በጋዝ ይነፋል፤ አንዴ በጀርባ፣ አንዴ በሆድ ተኝተው ይነሳሉ። ማደንዘዣ የለውም። ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሳሉ በ2010 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ይህንኑ ነው። 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆኑ ፖሊፖች ከ10 ወደ 9 የሚጠጉትን ያገኛል፤ ከ6 ሚሊሜትር በታች ያሉት ላይ ግን እምብዛም አይታመንም። ንጹሕ ከሆነም በ5 ዓመት ይደገማል።

«ሲቲ ካለ ኮሎኖስኮፒ ለምኔ?»
ሲቲ ያያል እንጂ አይቆርጥም። ፖሊፕ ከተገኘ የሚያወጣው አንጀትን በካሜራ የሚያየው ኮሎኖስኮፒ ነው። ቅድመ ምርመራ ምልክት ለሌለው ሰው ነው፤ እየደማ ያለ ሰው ተራውን ጠብቆ ሲቲ ከሚነሳ በቀጥታ ወደ ኮሎኖስኮፒ ቢላክ ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ ገዳሪፍ ላይ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሳ የካርቱም፣ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የወድ መደኒ የካንሰር ሕክምና ተናጋ፤ ታማሚው ወደ ምሥራቅ ጎረፈ። በኡም ራኩባና በጡነይድባ መጠለያዎች ላለ ስደተኛ ሲቲ ኮሎኖግራፊ ሩቅ ነው።

ስለዚህ እዚህ የሚበጀው በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም የሚፈልገው ርካሽ ምርመራ ነው ባይ ነኝ። አሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. ቅድመ ምርመራ የሚጀመርበትን ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ዓመት ዝቅ አድርጋለች፤ የሰገራው ምርመራ በየዓመቱ ይደገማል፣ ደም ካሳየ ኮሎኖስኮፒ ይከተላል።

ደም በዓይንዎ ካዩ ግን ይህንንም አይጠብቁ። በተለይ ክብደትዎ ከቀነሰ ወይም የሰገራዎ ልማድ ከተለወጠ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በጣት ልመርምርዎ ሲልዎ አይፈሩ፣ አያስፈራም። ጓንት እንጂ ማሽን የማይፈልግ ምርመራ ነው።