የድሬዳዋ ዛፍና የቤተ ክርስቲያን ደን

በከዚራ ጎዳናዎች ቀይ አበባውን ከፍቶ ጥላውን የሚዘረጋውን ዛፍ የማያውቅ የድሬዳዋ ነዋሪ የለም። በሌሎች የሀገራችን ክፍሎችም «የድሬዳዋ ዛፍ» እየተባለ ይጠራል። ይሁን እንጂ የዛፉ ጥንተ ትውልድ ማዳጋስካር ነው። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ከተማችን ስሟን የሰጠችው ለእንግዳ ነው ማለት ነው። እንግዳ መቀበል ክርስቲያናዊ ምግባር ነውና በዚህ አንከፋም፤ የሚያሳስበን እንግዳው በስማችን ሲጠራ የምድሪቱ ልጆች የሆኑት ግራር፣ ቁርቁራ፣ ሮቃና ወይራ ከዙሪያችን እየጠፉ መሄዳቸው ነው።

የዚህን ጉዳት ክብደት ድሬዳዋ በደረሰባት መከራ ታውቀዋለች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ በሌሊት የወረደው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ነጥቆናል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው፤ ውኃው የሚመጣው ከከተማይቱ በላይ ካሉት ተራሮች ነው። ዛፍና ቁጥቋጦ ያለበት ተራራ ዝናቡን ቀስ አድርጎ ወደ አፈሩ ያሰርገዋል፤ የተራቆተ ተራራ ግን የተቀበለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይለቅቀዋል። ስለዚህ በደንገጎ አቀበት ላይ የሚቆረጥ ዛፍ የመጋላን ቤቶች ይመለከታል።

ታዲያ ይህ ለቤተ ክርስቲያን ምኗ ነው የሚል ቢኖር፣ አባታችን አዳም በገነት የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ምን እንደ ነበር በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ይመልከት። አባቶቻችንም ቤተ መቅደሱን በደን መካከል ማነጻቸው፣ ደኑንም እንደ ቅጥር መጠበቃቸው ዛሬ ለተመራማሪዎች መማሪያ ሆኗል። «እመጓ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ናቸው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግበዋል። በዙሪያቸው ያለው ምድር ወደ እርሻና ግጦሽ ተለውጦ ሳለ ይህ ሁሉ የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር በመሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ጥናቱ የሚያስመካ ነገር ብቻ ይዞ አልመጣም። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ተተኪ ችግኝ በብዙ ቦታ አልተገኘም። ዘሩ ይወድቃል፣ ይበቅላልም፤ ነገር ግን ከብት ገብቶ ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። እንዲህ ያለ ደን ከሩቅ ሲያዩት ለምለም ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ወራሽ የሌላቸው አረጋውያን ማኅበር ነው። ከብት እንዳይገባ በታጠረው መሬት ላይ ችግኞች መጽደቃቸውም በሙከራ ታይቷል። ከዚህ በመነሣት ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመሆን ካህናቱንና ምእመናኑን አስተባብረው የድንጋይ ቅጥር ማሠራት ጀመሩ። ድንጋዩ ከየገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው፤ ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል። ሁለቱንም የሚጠቅም እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ይህን ወደ ድሬዳዋ ስናመጣ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተጠኑት ደኖች ከባሕር ጠለል በላይ ከ1800 ሜትር በላይ ያሉ ሲሆኑ ድሬዳዋ በ1200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ምድር ናት። በከተማይቱ ባሉ አጥቢያዎች ቅጥር ግቢ የሐበሻ ጥድ ተክሎ በደረቀ ጊዜ ማዘን ሞኝነት ነው። ለቆላው ግራር፣ በአካባቢው ሁመር የሚባለው ሮቃ፣ እንዲሁም ሳይንሳዊ ስሙ «የክርስቶስ እሾህ» የሚል ትርጉም ያለው ቁርቁራ ይስማማሉ። ጥድና ወይራ የሚፈልጉት ወደ ደንገጎና ወደ ቁልቢ የሚወጣውን ደጋማ ስፍራ ነው። ጥድ ወንዱና ሴቴው በአብዛኛው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆነ ጥቂት ዛፎችን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መቁረጥ ዘሩን ማምከን ሊሆን ይችላል። የወይራ ችግኝም በገላጣ መሬት ላይ ከሚተከል ይልቅ በደደሆና በመሰል ቁጥቋጦዎች ጥላ ሥር ቢተከል የመጽደቅ ዕድሉ እንደሚሻል በትግራይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እኛ ግን ለመትከል ስንዘጋጅ አስቀድመን የምናደርገው ቁጥቋጦውን መመንጠር ነው!

የራሳችንንም ጥፋት አንሰውር። አዲስ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ዕድሜ ጠገብ ዛፍ ተቆርጦ ግቢው በሴራሚክ ሲነጠፍ እልል ያልን ጥቂቶች አይደለንም። ባሕር ዛፍ ለአጥቢያው ገቢ ያስገኛል፤ ገቢውም ለካህናቱ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከዳር ለብቻው ይተከል እንጂ የሀገሩን ዛፍ ተክቶ በቅጥሩ ውስጥ አይግባ። በቆላው የተስፋፋው ፕሮሶፒስ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ፍሬውን የበሉ እንስሳት ዘሩን በየደረሱበት ስለሚጥሉት አንድ ጊዜ ከገባ ማስወጣቱ አድካሚ ነው።

ለዚህ ሥራ በአቅራቢያችን የሚጠየቅ አይጠፋም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በግብርና ትምህርት የቆየ ተቋም ነው፤ ሰበካ ጉባኤያትና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ለየአጥቢያው የሚስማማውን ዘር ከባለሙያዎቹ ጠይቀው ሊረዱ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ምእመናን በየዓመቱ ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል በደንገጎ በኩል ይወጣሉ። ሐምሌ የዝናብ ወር በመሆኑ ለተከላ የተመቸ ነው፤ ታኅሣሥ ደግሞ ደረቅ ነው። በሐምሌው ጉዞ ከየአጥቢያው ማኅበር ችግኝ ይዞ የሚወጣ፣ በታኅሣሡም ውኃ ይዞ የተከለውን የሚጎበኝ ቢመደብ፣ ስንቱ እንደ ጸደቀ በአምስተኛው ወር ቆጥረን እናውቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።