ጉልቻ ቢቀያየርስ? ለቤታችን አዲስ ምድጃ ስንመርጥ



«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ አባቶቻችን። ስለ ወጡ ጣዕም ከሆነ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ጉልቻው ሲቀየር የወጥ ሠሪዋ ዓይንና ሳንባ፣ የቤቱ ወጪ፣ ማገዶ የምትለቅመው ልጅ የጥናት ሰዓትም አብሮ ይቀየራል። ጠዋት ወደ ክፍል ከሚገቡት ልጆቻችን መካከል ዓይናቸው ቀልቶ የሚመጡ አሉ። ምን ሆናችሁ ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «እሳት ሳቀጣጥል ነበር» የሚል ነው። ዘንድሮ በዓመት መጽሔታችን ላይ ስለ ምድጃ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

የጭስ ነገር በእንባ ብቻ የሚያልፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ከቤት ውስጥ የአየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል። ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ።

ምድጃ ከመግዛታችን በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋጋው ስንት ነው?» ሳይሆን «ቤታችን ምን ያበስላል?» የሚለው ነው። በሞያሌ አንድ ቤት ውስጥ ሻይ በወተት ይፈላል፣ ባቄላና በቆሎ ለሰዓታት ይቀቀላል፣ እንጀራም ይጋገራል። ሻይ ፈጣን እሳት ይፈልጋል፤ ቅቅል ለረጅም ሰዓት የሚቆይ ዝግ ያለ እሳት ይፈልጋል፤ እንጀራ ደግሞ በሰፊው ምጣድ ላይ እኩል የሚዳረስ ሙቀት ይሻል። ሦስቱንም በደንብ የሚሠራ አንድ ምድጃ አላየሁም። ስለዚህ ገንዘባችን ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ብዙ ማገዶ ለሚበላው ሥራ እንግዛ። እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ምጣዱ ነው።

ከሰል ለሚጠቀም ቤት የሸክላ ጂኮ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይሻላል። ይህ ጂኮ በኬንያ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ሲሆን መነሻው ከታይላንድ የመጣ የባልዲ ቅርጽ ያለው ምድጃ ነው። ኋላም ድንበራችንን ተሻግሮ በኢትዮጵያ «ላቀች» ለተባለው ምድጃ አርአያ ሆኗል። ጥቅሙ ከሸክላው ላይ ነው፤ ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ውጭ ሲለቅ ሸክላው ግን ይዞ ወደ ድስቱ ይመልሰዋል። በአግባቡ የተሠራ ከሆነ ከሰሉን በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ስትገዙ ሸክላው አለመሰንጠቁን፣ ከቆርቆሮው ጋር መጣበቁን፣ የአመድ ማውጫው በር በደንብ መዘጋቱን አረጋግጡ። አየሩን የምትቆጣጠሩት በዚያች በር ነውና።

በእንጨት እንጀራ ለሚጋግር ቤት ደግሞ በኢትዮጵያ በኩል «ምርጥ» የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ ምድጃ አለ። እሳቱን በዙሪያው ስለሚከልል ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጭስ የለውም፤ ግን የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወዲያኛው ሞያሌ አንድ ምጣድ ገዝቼ፣ ባለ ሦስት እግር የኬንያ ስፒና ገጥሜ፣ ባለቤቴን «በይ፣ ከእንግዲህ ጭስ ቀረልሽ» አልኳት። ሦስተኛው እንጀራ ላይ ፕላስቲክ ሸተተን፤ ስፒናው ጠቁሮ ነበር። ሒሳቡን ቀድሜ ብሠራ ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር። የኬንያ ስፒና የሚችለው 13 አምፔር ነው። በ240 ቮልት ሲባዛ 3,120 ዋት ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3,500 ዋት በላይ ይስባል። ስለዚህ ምጣድ ለብቻው ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚሠራው ባለሙያ ነው። መብራት ሲጠፋ የምንጠቀምበት ሌላ ምድጃም አብሮ መታሰብ አለበት።

ቡታጋዝ ለሻይና ለወጥ ምቹ ነው። በእኛ በኩል ባለ 6 እና ባለ 13 ኪሎ ሲሊንደር የተለመደ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩን አቁማችሁ፣ አየር በሚገባበት ቦታ አኑሩት። ጎማው በየመጋጠሚያው ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሳሙና አረፋ ፈትሹ እንጂ ክብሪት አትጫሩ። የጋዝ ሽታ ከመጣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ከቤት ውጡ።

አንድ ነገር በተለይ ለተማሪዎች አደራ እላለሁ። የሚጤስ ስላልሆነ ብቻ የጋመ ከሰል ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ራስ ምታትና ማዞር ያመጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። የትኛውንም ያህል ጥሩ ጂኮ ቢሆን በመኝታ ክፍል አይደር።

ዋጋውን በተመለከተ ሒሳቡን ልጆች ይሥሩልን። ለምሳሌ በቀን የ90 ሽልንግ ከሰል የሚያነድድ ቤት ሲሶውን ቢቆጥብ 30 ሽልንግ ይተርፈዋል። አዲሱ ጂኮ 900 ሽልንግ ቢሆን በ30 ቀን ዋጋውን ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። የየቤታችሁን እውነተኛ ወጪ ለአንድ ሳምንት መዝግባችሁ በዚሁ መንገድ አስሉ። ርካሹ ምድጃ ብዙ ጊዜ ውዱ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በመጨረሻ ለአባቶች አንድ ቃል አለኝ። ገንዘቡን የምናወጣው እኛ ብንሆንም፣ ጭሱን የሚተነፍሱት አብዛኛውን ጊዜ እናቶችና ሴት ልጆቻችን ናቸው። እኔ ያን ምጣድ የገዛሁት ባለቤቴን ሳላማክር ነበር። ብጠይቃት ኖሮ የቤታችን ገመድ ቀጭን መሆኑን ከእኔ ቀድማ ታውቅ ነበር፤ ካውያ ስትሰካ ሁልጊዜ ይግል ነበርና። ወደ ገበያ ስትሄዱ ምድጃው ፊት የምትቀመጠውን ይዛችሁ ሂዱ፤ እሷ ትምረጥ።