አያትም ጨቅላም የሚሳፈሩበት፦ የበዓል ሰሞን ክሩዝ ከ1966 ወዲህ

በዲሴምበር ሦስተኛ ሳምንት በማያሚ ወይም በጋልቨስተን ወደብ የመንገደኞች አዳራሽ የቆመ ሰው ቤተሰቡን በቲሸርቱ ይለያል። አንዱ ወገን ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የቤተሰቡ ስምና ዓመቱ ታትሟል። ከፊት አያት በዊልቸር፣ ከኋላ ጨቅላ በጋሪ፣ በመሃል ደግሞ ፓስፖርት እየቆጠረች የምትጣራ አንዲት አክስት አትጠፋም። ክሩዝ የምንለው የመርከብ ሽርሽር በበዓል ሰሞን ዓይኑን የሚጥለው በእነዚህ ላይ ነው። ሲጀመር ግን ለእነሱ የታሰበ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ፈት ከሆነ መርከብ ነው። የሃምቡርግ–አሜሪካ መስመር ኃላፊ የነበረው አልበርት ባሊን፣ በብርዱ ወራት አትላንቲክን የሚያቋርጥ መንገደኛ ሲጠፋና መርከቦቹ ወደብ ላይ ሲታሰሩ አይቶ፣ በጃንዋሪ 1891 ኦውጉስታ ቪክቶሪያን ሀብታሞች አሳፍሮ ወደ ሜዲትራኒያን ላካት። ጉዞው ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ሁለት ወር ሥራውን ትቶ የሚዞር ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሥራ ፈትነት የመጣው ከሰማይ ነው። በኦክቶበር 1958 የጄት አውሮፕላኖች አትላንቲክን በመደበኛ በረራ ማቋረጥ ሲጀምሩ የመንገደኛ መርከቦች ገበያ መሟጠጥ ያዘ። በእንግሊዝና በጂብራልታር መካከል እንድትመላለስ የተሠራችው ሰንዋርድ ደግሞ በስፔንና በብሪታንያ ጠብ ምክንያት መስመሯን አጣች። ኖርዌያዊው ባለቤቷ ክኑት ክሎስተርና በዛሬዋ እስራኤል የተወለደው ነጋዴ ቴድ አሪሰን ተስማምተው ወደ ማያሚ አመጧት፤ ዲሴምበር 19 ቀን 1966 የፈረንጆቹ ገና ስድስት ቀን ሲቀረው ወደ ባሃማስ ተነሳች። የዛሬው የካሪቢያን ክሩዝ ንግድ ልደቱ ይኸው ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ሁለቱ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ፤ አሪሰን በ1972 ካርኒቫልን መሠረተ።

በእነዚያ ዓመታት ተሳፋሪው አብዛኛውን ጊዜ ጡረተኛ ወይም አዲስ ተጋቢ ነበር። ከ1977 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመት ያህል በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው ዘ ላቭ ቦት ክሩዝን በየሳሎኑ አስገብቷል፤ ታሪኩ ግን ከስሙ እንደሚታወቀው የፍቅረኞች ነው። ልጅ ይዞ የሚመጣ ተሳፋሪ አልጠፋም፤ ልጁ ግን የሚሠራው ነገር አልነበረውም። አንድ ነገር ግን በዚያ ዘመን ከዛሬው ይሻል ነበር፦ ራት በሰዓቱ፣ በተመደበ ጠረጴዛ፣ በየምሽቱ ከተመሳሳይ ሰዎች ጋር ይበላ ነበር። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ለውጡን ያመጣው የአልጋ ሒሳብ ነው። ሁለት ሰው ያለበት ካቢን ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ አልጋ ከግድግዳ ላይ ቢወርድ፣ መርከቧ ነዳጇን ብዙም ሳትጨምር ሁለት ልጆች ታሳፍራለች፤ ልጆቹ አይስክሬም፣ ወላጆቹ ፎቶ ይገዛሉ። የዲዝኒ የመጀመሪያ መርከብ በ1998 ስትነሳ ይህ ስሌት በግልጽ ታየ። በአብዛኛው ካቢን መጸዳጃውና ሻወሩ ለየብቻ ተሠሩ፤ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር አራት ሰው በአንድ ክፍል ለሚያድር ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ቤተሰቡ በየምሽቱ ምግብ ቤት ይቀይራል፤ አስተናጋጁ ግን አብሮ ይዞራልና የልጁን ስምና የሚጠላውን አትክልት ያውቃል። በቀጣዩ ዓመት ሮያል ካሪቢያን የበረዶ መንሸራተቻ ያላትን ቮያጀር ኦፍ ዘ ሲስን አወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የመጠን እሽቅድድም ነው። የሮያል ካሪቢያን የመጀመሪያ መርከብ በ1970 አሥራ ስምንት ሺህ ቶን ገደማ ነበረች፤ በ2009 የመጣችው ኦኤሲስ 225 ሺህ አለፈች፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከማያሚ የምትነሳው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 248,663 ደርሳለች፣ ሞልታ ስትነሳም እስከ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች። በውስጧ ለትንንሽ ልጆችና ለወላጆቻቸው ብቻ የተለየ ሰፈር አላት። አያት፣ ጎረምሳና ጨቅላ እያንዳንዳቸው የሚውሉበት ቦታ አላቸው።

እኔን የሚከነክነኝ ይኸው ነው፤ እያንዳንዳቸው የሚውሉበት ቦታ አላቸው። በ2000 ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ የራት ሰዓትና የጠረጴዛ ምደባን አስቀርቶ ማንም በፈለገው ሰዓት በፈለገው ቦታ ይብላ አለ፤ ሌሎቹም እየተከተሉ ይህን አማራጭ አመጡ። ለባልና ሚስት ግሩም ነው። ለሃያ ሰው ቤተሰብ ግን የተመደበው ጠረጴዛ ሰበብ ነበር፤ ጎረምሳው ከአያቱ አጠገብ እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ሌላ ነገር መርከቡ ላይ የለም። መርከቡ ዘመድን በአንድ ላይ ለማሳፈር በተመቸ ቁጥር ከተሳፈረ በኋላ ለመበተንም ተመችቷል። ቲሸርቱ አንድ ቀን ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ በዋትስአፕ «የት ናችሁ?» መባባል ይቀጥላል፤ እሱም ለኢንተርኔቱ የተከፈለ እንደሆነ ነው።

ቢሆንም ሰው መሳፈሩን አልተወም፤ ምክንያቱ ደግሞ ኩሽና ይመስለኛል። በበዓል ዘመድ ሲሰበሰብ በአንድ ቤት ነው፤ የዚያ ቤት እመቤት ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ላይ ቆማ፣ እንግዳ ሲሸኝ ድስት ላይ ትገኛለች። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በዳላስ የሐበሻ ቤት ይህን የማያውቅ የለም። መርከቡ በበዓል ሰሞን ከባሕሩ ይልቅ የሚሸጠው ይህንን ነው፦ እናት ተቀምጣ የምትበላበትን ሳምንት። ፍራሽ ማን ሳሎን ያነጥፍ፣ ማን ማን ቤት ይደር የሚለው ጭቅጭቅም አብሮ ይቀራል። የኢንዱስትሪው ማኅበር ክሊያ በ2024 ባወጣው ሪፖርት ከተጓዦች 28 በመቶው ከሦስት እስከ አምስት ትውልድ ሆነው እንደሚሳፈሩ ይገልጻል።

በመካከሉ ክፉ ዓመታትም አልፈዋል። በጃንዋሪ 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ በጣሊያን ጠረፍ ከዐለት ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞቱ። በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ ዳይመንድ ፕሪንሰስ 3,711 ሰዎች እንደያዘች ዮኮሃማ ላይ ታገተች፤ ከ700 በላይ የሚሆኑት በኮቪድ ተያዙ። ከአሜሪካ ወደቦች ጉዞው ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ። ሲመለስም የመጀመሪያው የበዓል ሰሞን አልሰመረም፦ ኦሚክሮን ተስፋፍቶ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ዲሴምበር 30 ቀን 2021 የተከተበም ያልተከተበም ሰው ክሩዝ እንዳይሳፈር መከረ። ይህ ሁሉ ሆኖ በ2019 ወደ 30 ሚሊዮን የነበረው የተጓዥ ቁጥር በ2024 34.6 ሚሊዮን ደረሰ። ሰው ቶሎ ይረሳል፣ ወይም ከመርከብ ይልቅ የበዓል ወጥ ያስፈራዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የገናና የአዲስ ዓመት ሳምንት ቲኬት ከጃንዋሪ አጋማሽ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማስታወቂያው ላይ የማይታየው ቲፕም አለ፤ በትልልቆቹ ኩባንያዎች በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ሲሆን ልጅም በአብዛኛው ይቆጠራል። አሥራ ሁለት ሰው ለሰባት ሌሊት በ18 ዶላር ቢታሰብ 1,512 ዶላር ነው። ይህን መጀመሪያ ለቤተሰቡ ያልነገረ አስተባባሪ መጨረሻ ላይ ከወንድሞቹ ጋር ይጣላል።

ለሐበሻ ቤተሰብ ደግሞ የቀን ጉዳይ አለ። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ሲውል ኦርቶዶክሱ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ላይ ነው፤ የታንክስጊቪንግ ሳምንትም በአብዛኛው ዓመት ጾሙ ገብቶ ያገኘዋል። እናት በሥጋና በክሬም በተሞላ ቡፌ መሃል ጾመኛ ሆና መዞሯ ነው። ዛሬ በአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ የምግብ ዝርዝር አለ፤ በራት አዳራሹ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የሕንዶቹ ምስር ደግሞ ለሐበሻ ምላስ ይቀርባል፣ ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ይነገር። ጀበናው ግን ቤት ይቅር። የኤሌክትሪክ ምድጃም ዕጣንም ካቢን ውስጥ የተከለከሉ ናቸው፤ ቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መሳፈርም እንዲሁ። የኛው ገና፣ ጃንዋሪ 7፣ ዋጋው በሚረግብበት ሰሞን ላይ ይውላል፤ ችግሩ ትምህርት ቤት መከፈቱ ነው። ለትምህርት ያልደረሱ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከሆነ ከዚያ የተሻለ ሳምንት አላውቅም።

ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ ባልቲሞር ቅርብ ነው፤ በመኪና ሄዶ መሳፈር የአውሮፕላን ቲኬት ያድናል። ማርች 26 ቀን 2024 የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ተደርምሶ ወደቡ ሲዘጋ መርከቦቹ ለጊዜው ወደ ኖርፎክ ሄዱ፤ በሜይ መጨረሻ ተመለሱ። ግዙፎቹ ግን ከዚያ አይነሱም፤ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር አያልፉም። ይህ ለእኔ ጉድለት አይደለም፤ ትንሽ መርከብ ላይ ዘመድ ይገናኛል። ከዚያ በሚነሳ የዲሴምበር ጉዞ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብርድ ስለሆኑ ጋቢ መያዝ ነው። የዳላስና የሂውስተን ሰው ደግሞ ጋልቨስተን አለው።

ከምንም በፊት ግን ወረቀት ይታይ። ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደዚያው ለሚመለስ ጉዞ አሜሪካዊ ዜጋ በልደት የምስክር ወረቀትና ፎቶ ባለው የመንግሥት መታወቂያ መሳፈር ይችላል፤ ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ግሪን ካርዱንም ጊዜው ያላለፈበት ፓስፖርቱንም ይያዝ። ልጇን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ የመጣች እናት ጉዳይ ግን የተለየ ነው። አሜሪካ በጁላይ 2025 ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጎብኚ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ አድርጋዋለች፤ መርከቡ ባሃማስ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ እንደ አዲስ መግባት ነው። የእናታችሁ ቪዛ ይህ ከሆነ የክሩዝ ቲኬት አትቁረጡላት፤ በዓሉን በምትኖሩበት ከተማ አብራችኋት አሳልፉ።