የሞገድ ሥዕልና አነባበቡ

ሞገድ በወረቀት ላይ ሲሣል ሊለኩ የሚችሉ ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። በመጀመሪያ በባለካሬ ወረቀት ላይ አንድ አግድም መስመር ይሰመራል፤ ይኸውም የረጋውን ውሃ ገጽ ያመለክታል። ቀጥሎ ከዚህ መስመር በላይና በታች እየወጣና እየወረደ የሚሄድ ጥምዝ መስመር ይሣላል። የጥምዙ ከፍተኛ ቦታ አናት፣ ዝቅተኛው ግርጌ ይባላል። ከአግድሙ መስመር እስከ አናት ያለው ቁመት አምፕሊቲዩድ ነው። ከግርጌ ጀምሮ የሚለካ ተማሪ እጥፉን ያገኛል። ከአንዱ አናት እስከ ተከታዩ አናት ያለው ርቀት ደግሞ የሞገድ ርዝመት ይባላል።

ድግግሞሽ ግን በዚህ ሥዕል ላይ የለም። ሥዕሉ የአንዲት ቅጽበት ብቻ ስለሆነ ስለ ጊዜ የሚናገረው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሌላ ሥዕል ያስፈልጋል። በውሃ ውስጥ አንድ እንጨት ተተክሎ የውሃው ከፍታ በየጊዜው ይመዘገባል፤ አግድሙ መስመር አሁን የሚቆጥረው ሜትርን ሳይሆን ጊዜን ነው። ሁለቱ ሥዕሎች በመልክ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በቀላሉ ያሳስታሉ። በሁለተኛው ሥዕል ከአናት እስከ አናት ያለው የአንድ ዙር ጊዜ ሲሆን፣ በአንድ ሰከንድ የሚያልፉት ዙሮች ብዛት ድግግሞሽ ይባላል። ድግግሞሽ በሞገድ ርዝመት ሲባዛ የሞገዱ ፍጥነት ይገኛል።

ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. በሱማትራ አጠገብ ከባሕር በታች የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሱናሚ የተባለውን ታላቅ ሞገድ አስነሣ። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ጄሰን 1 የተባለችው ሳተላይት በጥልቁ ባሕር ላይ የለካችው የውሃ ከፍታ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። 4,000 ሜትር ጥልቀት ባለው ባሕር እንዲህ ያለ ሞገድ በሰከንድ 200 ሜትር ያህል ይጓዛል። የአንድ ዙር ጊዜው 20 ደቂቃ ቢሆን የሞገድ ርዝመቱ 240 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ርዝመት በወረቀት ላይ 24 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቢሣል፣ በዚያው መስፈርት አምፕሊቲዩዱ ከእርሳስ መስመር ውፍረት እጅግ ያንሳል። በጥልቁ ባሕር ላይ ያሉ መርከበኞች ሞገዱን ሳያውቁት ቢያልፍ አያስደንቅም።

ጥልቀቱ 10 ሜትር በሆነበት ስፍራ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 10 ሜትር ይወርዳል። ድግግሞሹ አይለወጥም፤ የሞገድ ርዝመቱ ግን ወደ 12 ኪሎ ሜትር ያጥራል። ኃይሉም በአጭር ርቀት ስለሚታጨቅ አምፕሊቲዩዱ ያድጋል። በዚያው ቀን ሞገዱ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ሶማሊያ ሲደርስ በሃፉንና በሌሎች የባሕር ዳር መንደሮች ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ።

ግርጌው ቀድሞ በሚደርስበት ዳርቻ ባሕሩ በመጀመሪያ ይሸሻል፣ አሸዋውም ይገለጣል። የአንድ ዙር ጊዜው 20 ደቂቃ ከሆነ ከግርጌው እስከ አናቱ የሚቀረው 10 ደቂቃ ነው።