ስለ ዐሥር አለቃ ፓትሪክ ጋላገር ሕይወትና ጀግንነት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ በትውልዱ የአየርላንድ፣ በውትድርናው ግን የአሜሪካ የነበረውን የአንድ ወጣት ባሕር ወለድ ታሪክ መግለጽና ከታሪኩ የሚነሣውን ጥያቄ ማመልከት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፓትሪክ ጋላገር በምዕራብ አየርላንድ፣ በሜዮ አውራጃ፣ በባሊሆኒስ ከተማ አጠገብ በ1944 ተወለደ። በዚያ ዘመን የሜዮ ወጣቶች እንጀራ ፍለጋ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ መሰደዳቸው የተለመደ ስለ ነበር፣ እርሱም በ1962 ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። የጊዜው የአሜሪካ ሕግ በቋሚ ነዋሪነት የገቡትን የውጭ አገር ወጣቶች ጭምር የውትድርና ግዴታ ይጥልባቸው ነበር። ጋላገርም የአየርላንድ ዜግነቱን ሳይለውጥ ባሕር ወለድ ሆኖ በ1966 ወደ ቬትናም ተላከ።

ዝናን ያተረፈለት ድርጊት የተፈጸመው ሐምሌ (ጁላይ) 18 ቀን 1966 በኳንግ ትሪ ክፍለ ሀገር በካም ሎ አቅራቢያ ነው። ጠላት በምሽጋቸው ውስጥ የእጅ ቦምብ ሲጥል፣ ጋላገር ሳይፈነዳ በእግሩ መትቶ አስወጣው። ወዲያው ሌላ ቦምብ በሁለት ጓደኞቹ መካከል ወደቀ፤ በዚህኛው ላይ በደረቱ ተኛበት። ሌሎች ሁለት ቦምቦች በዚያው ምሽግ ፈነዱ፤ ነገር ግን ማንንም አልጎዱም። ሦስት ጓደኞቹ ሸሽተው ከዳኑ በኋላ፣ አለቃው ከቦምቡ ላይ ተንከባልሎ እንዲወረውረው አዘዘው፤ እርሱም አጠገቡ ወዳለው ወንዝ ወረወረው። ቦምቡ ውሃውን እንደ ነካ ፈነዳ።

ስለ እንዲህ ያለ ጀግንነት ሲነገር፣ «ሳያስብ ያደረገው ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ስለ መጀመሪያው ቦምብ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሁለተኛው ግን አይበቃም። ጓደኞቹ እስኪርቁ ድረስ ተኝቶ የቈየ ሰው ለማሰብም ለመነሣትም ጊዜ ነበረው። ስለዚህ የድርጊቱ ክብደት በመውደቁ ብቻ ሳይሆን በመቈየቱም ላይ ነው እንላለን።

ለዚህም ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሜዳዮች በማዕረግ ሁለተኛ የሆነው የባሕር ኃይል መስቀል ተሸለመ። ይሁን እንጂ ወደ አገሩ የሚመለስበት ቀን ሲቃረብ፣ መጋቢት (ማርች) 30 ቀን 1967 ዳ ናንግ አካባቢ በቅኝት ላይ ሳለ በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። አስከሬኑም ባሊሆኒስ ተቀበረ።

ከብዙ ዓመታት የአቤቱታ ዘመቻ በኋላ፣ በ2018 አንድ አዲስ የአሜሪካ የጦር መርከብ በስሙ እንዲጠራ ተወሰነ። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1990 የወጣ ሕግ በውጊያ ለሞቱ የውጭ ዜጎች ከሞት በኋላ ዜግነት እንዲሰጥ ፈቅዷል። እንግዲህ መንግሥት ከስደተኛው አገልግሎትን በሕይወቱ ሲጠይቅ፣ ሙሉ አባልነትን ግን ከሞቱ በኋላ ብቻ ቢሰጥ፣ ሚዛኑ ትክክል ነውን? የጋላገር ጀግንነት አያጠራጥርም፤ ይህን ጥያቄ ግን ሜዳዩም መርከቡም አይመልሱትም።