ደጀን

በድሮው የኢትዮጵያ ጦር የሰልፍ ሥርዓት ፊታውራሪው ከፊት ይቀድማል፤ ቀኝ አዝማቹና ግራ አዝማቹ ክንፉን ይይዛሉ፤ ከሁሉም ኋላ ደጀኑ ይከተላል። የደከመውን የሚያነሣ፣ የወደቀ ጭነት የሚሰበስብ፣ ጀርባ የሚጠብቅ እሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጦር አይደለም። ስምንት ወይም አሥር ሰዎች በሞተር ሳይክል ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በመርጡለ ማርያም አድርገው፣ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገቡበት የአራት አምስት ቀን ጉዞ ነው። ስለ እንዲህ ያለ ጉዞ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ሞተሩ ይሆናል፤ ስንት ሲሲ ነው፣ ስንት ይሮጣል፣ ማን ቀድሞ ደረሰ። የእኔ ክርክር ግን ስለ ኋለኛው ሰው ነው። በተራራ አገር የቡድን ጉዞ የሚያምረውም የሚበላሸውም በእሱ ነው፤ የሞተሩም ምርጫ፣ የፍጥነቱም ልክ፣ የማደሪያውም ነገር ከእሱ ተነሥቶ ነው መወሰን ያለበት። አጋጣሚ ሆኖ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ የጎጃምን ደጋ የሚረግጥ መንገደኛ መጀመሪያ የሚቀበለው ከተማ ስሙ ደጀን ነው።

ይህን የሚያስገድደው የአገሩ አቀማመጥ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅም በደቡብም በምዕራብም እየዞረ ጎጃምን እንደ መቀነት ይከባታል፤ ስለዚህ ከሸዋም፣ ከወሎም የሚመጣ ሰው ደጋውን ለቆ ቆላ መውረድና እንደገና ደጋ መውጣት ግዴታው ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ነገር ግን በዚያች ርቀት ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ይወርድና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። አየሩ በየሺህ ሜትሩ ስድስት ሰባት ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ በካፖርት የተነሣ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። ቁልቁለቱ ራሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። 125 ኪሎ የሚመዝን ሞተር 75 ኪሎ ሰው ተሸክሞ ያን ገደል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ስምንት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ሰው አብዛኛውን ለሞተሩ ያሸክማል፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚለቅ ግን ሁሉንም በፍሬኑ ላይ ይጭናል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ልክ በሚፈለግበት ኩርባ ላይ አልይዝ ይላል። በዚህ ላይ በረሃው መሬት የሚንሸራተትበት ስለሆነ አስፋልቱ በየቦታው ተንሸዋሮ እንደ ማዕበል ሆኗል። ለአራት ጎማ መንገጫገጭ ብቻ የሆነው ነገር ለሁለት ጎማ መውደቂያ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚፈራው ፈሪው ሳይሆን ልምድ ያለው መሆኑ የሚገርም አይደለም፤ ልምድ የሌለው ግን ከኋላ ቀርቶ፣ ጓደኞቹ ከዓይኑ ሲሰወሩ ደርሼ ልያዛቸው ብሎ ፍሬኑን ረስቶ ይለቃል። አደጋው እዚያ ላይ ነው። የፊተኛው ፍጥነት የሚገድለው የኋለኛውን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሞተሩ ጉዳይ ይመጣል። የዓለም ተጓዦች ታሪክ ትልልቅ ሞተሮችን አስለምዶናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን የተባሉ ተዋንያን ከስኮትላንድ ጫፍ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሲወርዱ ኢትዮጵያን ያቋረጡት እያንዳንዱ 250 ኪሎ ገደማ በሚመዝን ቢኤምደብልዩ ነበር፤ ያንን ጉዞ በቴሌቪዥን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ሞተር ከሌለ ጉዞ የለም ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ነገር ግን ከኋላቸው ደጋፊ መኪናዎች ነበሩ። የጎጃም ደጋ ደግሞ በሞተር ላይ ሁለት ነገር ይፈርዳል። አንደኛው ከፍታው ነው፤ በየሺህ ሜትሩ አየሩ እየሳሳ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል፤ ደጋው ላይ ሩብ ያህሉ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣው ጮቄ ላይ ደግሞ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይሄዳል። ይህ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ነው፤ ትንሹን የሚጎዳው ግን በካርቡራተር የሚሠራ ከሆነ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሳሳ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር በረሃው ግርጌ ላይ ወፍራም አየር ያገኝና ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ሞተሩም የደጀንን ዳገት ልክ ሊጀምር ሲል ይግላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ድልድዩ ጋ ቆሞ ማብረድ፣ ከዚያ ሳያስጨንቁ መውጣት። ሁለተኛው ፍርድ ጭቃው ነው። ከአስፋልት ሲወጡ የሚያጋጥመው ዋልካ ሲረጥብ ከጎማና ከፓርፋንጎ መካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና መንኮራኩሩን ቀጥ ያደርገዋል። 120 ኪሎ የሆነውን ሞተር ሁለት ሰው አንሥቶ ያሳልፈዋል፤ 250 ኪሎውን ግን መንደር ሙሉ ሰው መጥራት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው ለዚህ አገር የሚበጀው ሞተር በየወረዳው ከተማ የግብርና ባለሙያውና ነጋዴው የሚነዳው ያው ትንሹ ሞተር ነው የምለው። ቦክሰሩም፣ ቲቪኤሱም በየከተማው መካኒክ ያውቀዋል፤ ካንዴላው፣ የፍሪሲዮን ገመዱ፣ የውስጥ ጎማው ከሱቅ ይገኛል። በአንድ ሊትር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ማደያው ባዶ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ንጽሕናው በማይታወቅ፣ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ በሚሸጥ ቤንዚን ላይ ሳይወድቁ ቀጣዩ ከተማ መድረስ ይቻላል። ትንሽ ሞተር አያኮራም የሚል ካለ፣ የቀድሞውን ነጋዴ ያስታውስ። ከጎንደር ተነሥቶ፣ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባለው በባሶ ገበያ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ ይዘልቅ የነበረው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የጫነው በሰጋር ፈረስ አልነበረም፤ በበቅሎና በአህያ ነበር። ፈረስ ለሰልፍና ለጉግስ፣ በቅሎ ለገደል። በክረምት ደግሞ ዓባይ ሲሞላ ጉዞው ይቋረጥ ነበር፤ ዛሬም በዋልካው ምክንያት ከመስከረም መጨረሻ በፊት ከአስፋልት መውጣት ትርፉ ልፋት ነው።

ሲራራው ሌላም ያስተምራል፤ በነጋድራስ እየተመራ በጓድ ነበር የሚሄደው፤ በጓድ መሄዱ ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። የዛሬ ሞተረኞችም ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው፤ ስሙ እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አንዱ የረድፉን ግራ፣ ተከታዩ ቀኙን ይዞ፣ በሁለት ሰከንድ ርቀት ተሰባጥረው ይሄዳሉ፤ ይኸው ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች። ኩርባ ሲመጣ በአንድ ረድፍ ይሆናሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመገንጠያው ዘዴ ነው። ለምሳሌ ከዋናው የሞጣ መንገድ ወደ መርጡለ ማርያም የሚያስገባው መገንጠያ ላይ ሲደርሱ፣ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው እዚያው ይቆማል፤ ሌላው ሁሉ አልፎት ይሄዳል፤ እሱ የሚነሣው ደጀኑ ሲደርስ ብቻ ነው። በቀጣዩ መገንጠያ ሌላው ይቆማል። በዚህ ዘዴ አሥር ሞተር በአሥር ኪሎ ሜትር ላይ ቢበተን እንኳ የሚጠፋ ሰው የለም፤ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ጉዳይ አይደለም። ደጀን ሆኖ የሚመረጠው ታዲያ ደካማው አይደለም። ከሁሉ የበለጠ መንዳት የሚችለው፣ የመፍቻው ቦርሳና የመጀመሪያ እርዳታው ሳጥን ያለበት፣ ቸኩሎ የማያውቀው ሰው ነው። ብዙ ቡድን ይህን ይገለብጠዋል፤ ጎበዙን ከፊት፣ ደካማውን ከኋላ፣ መፍቻውንም ከጎበዙ ጋር ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ጎማ የፈነዳበት ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ መፍቻው ሞጣ ገብቶ ሻይ እየጠጣ ነው።

በኋለኛው ሰው ልክ መሄድ ጉዞውን ያሰለቻል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ነጻነት ፈልገው የወጡ ሰዎችን በአህያ ፍጥነት ማስኬድ ምን ይሉታል? ደግሞስ ቴድ ሳይመን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ተነሥቶ ለአራት ዓመት ዓለምን ሲዞር፣ ኢትዮጵያንም ሲያቋርጥ ብቻውን ነበር፤ ደጀን አልነበረውም። እውነት ነው፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ራሱ ፊታውራሪም ደጀንም ስለሆነ የሚያሳድደው የለም፤ በራሱ ልክ ይሄዳል። ችግሩ የሚጀምረው ብዙ ሆነው በፊተኛው ሰው ልክ ሲሄዱ ነው። ስለ ፍጥነቱ ደግሞ ሒሳቡ ይናገር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ላም መንገድ ላይ ስትገባ አይቶ እስኪቆም 40 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ40 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ግን በ21 ሜትር ገደማ ይቆማል። የገበያ ቀን በጎጃም መንገድ ላይ ላም፣ አህያ፣ በግ፣ እንጨት የተሸከመች እናት፣ የሚሯሯጥ ልጅ አይጠፋም፤ ያ የ19 ሜትር ልዩነት የእነሱም ሕይወት ነው። መሰልቸቱን በተመለከተ፣ በጥቅምት የቢቸናና የደጀን ጤፍ ማሳ ከግራ ቀኝ ሲዘናፈል፣ በምዕራብ ጮቄ ደመና ለብሶ ሲታይ የሰለቸው ሰው በ100 ቢነዳም አይጠቀምም።

ጉዞው የብዙ ቀን መሆኑም ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። መርጡለ ማርያም ከአዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ የእነብሴ ሳር ምድር ከተማ ናት፤ የሚቸኩል ሰው በአንድ ቀን ደርሶ በማግስቱ ይመለሳል፤ ያየው ግን መንገድ ብቻ ነው። የከተማዋ ገዳም ትውፊት ምሥረታውን ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን መባቻ ንግሥት እሌኒ ያሠራችው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም ከነጥርቡ ጌጥ ቆሟል፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ኢየሱሳውያን መልሰው ሊያድሱት ሞክረው ነበር። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ሐረግና አበባ ለማየት ግማሽ ቀን ያስፈልጋል፤ ታሪኩን ከሚያውቁት አባቶች ለመስማት ደግሞ ሌላ ግማሽ ቀን። እዚህም ላይ የቡድኑ ሥነ ሥርዓት ይፈተናል። አሥር ሞተር በአንድ ጊዜ እያጓራ ወደ ገዳም ቅጥር ቢጠጋ፣ ቅዳሴ ላይ ያለውን ሕዝብ ማወክ ብቻ ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውንም እንግዳ ማስጠላት ነው። ሞተሩን ራቅ አድርጎ አጥፍቶ፣ የራስ ቁሩን አውልቆ በእግር መግባት እንግዳን ያስከብራል።

ከባዶቹ ተቃውሞዎች ግን ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የሞተር አደገኛነት ነው። ከሞተር የሚወድቅ ሰው በዙሪያው ብረት የለውም፤ ይህን ማንም አይክደውም። የራስ ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶች አሳይተዋል። እንዲህ ሆኖም አደጋውን ወደ ዜሮ አያወርደውም፤ ሲመሽ አለመንዳት፣ አንዳችም መጠጥ አለመቅመስ፣ ከኋላ ሰው አለመጫን ሊታከሉበት ይገባል። ሁለተኛው የጸጥታው ነገር ነው፤ ለዚህ መልስ አለኝ አልልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጎጃም በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ከሚደረገው ጦርነት ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ ሆኗል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ሰው ይታገታል፣ ሞተር የያዘ ሰው ደግሞ በሁሉም ወገን በጥርጣሬ ይታያል። አዲስ አበባም ብትሆን ከሰኔ 2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለ ፈቃድ የሚነዱ ሞተሮችን ያገደችው ከወንጀል ጋር ስላያያዘቻቸው ነበር። እንግዲህ ሰላም ሳይሆን መውጣት ጀግንነት አይደለም። ለጉዞ የሚያስቡ ሰዎች ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት መንገዱን ሳይሆን ሥርዓቱን መለማመድ ነው፤ ያም በየትኛውም ሰላማዊ ዳገት ላይ ይቻላል።

መንገዱ ሲከፈት ከባሕር ዳር በፊት የመጨረሻው ማረፊያ የሚሆነው ሞጣ ነው፤ ከዚያ ወደ ዓባይ ቢወርዱ በፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተቆረጠ በኋላ፣ ከጎጃም ወደ ቤጌምድር የሚሻገር ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱም ወገን የቆሙ ሰዎች እየሳቡት ነበር የሚያልፈው። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የዚህን ፎቶ ግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በመጽሔት ላይ አይቶ በ2002 መጥቶ ክፍተቱን አስጠገነ፤ በኋላም ለእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ለሞተር አይሆንም፤ ሞተሩ በላይ ቀርቶ በእግር ነው የሚወረደው፤ ጠባቂ ሆኖ ሞተሮቹ ጋ የሚቀረውም ሰው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።