የዴሊቨሪን ሥራ ትቶ ወደ ተሻለው ስለ መሻገር

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ቀን ከመጽሐፍ፥ ማታ ከሞተር ብስክሌት ጋር የሚውለው ጥቂት አይደለም። ከቦሌ ምግብ ተቀብሎ ሲኤምሲ፥ ከመርካቶ ዕቃ ተቀብሎ ሳሪስ የሚያደርሰው ሠራተኛ፥ ዝናቡንና የመንገዱን አደጋ ችሎ የሚያገኘው ገንዘብ የቤት ኪራይና የወላጅ መጦሪያ ይሆናል። ሥራው ክቡር ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ነገር ግን የዕድሜ ልክ ሙያዬ ይሁን ብሎ የጀመረው ያለ አይመስለንም። ስለዚህ ለመልቀቅ የሚያስብ ወንድማችን ወይም እኅታችን፥ መሄዱን ብቻ ሳይሆን አካሄዱንም ያውቅ ዘንድ ይህን ጽፈናል።

አንድ ጓደኛችን ሁለት ዓመት ያገለገለበትን ድርጅት «ከነገ ጀምሮ አልመጣም» ብሎ በስልክ ብቻ ተወ። ከወራት በኋላ የመጋዘን ሠራተኛ ቦታ ተገኝቶ የሥራ ልምድ ማስረጃ ቢጠየቅ በእጁ አንዳች አልነበረም። ተመልሶ ለመለመን አፈረና ቦታው ለሌላ ተሰጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። የሚያሳዝነው ግን ልመና አለማስፈለጉ ነው፤ መብቱ ነበርና።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚለውን ባጭሩ እንመልከት።

አንደኛ፥ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በፈቃዱ ሊለቅ ይችላል። ሳያስጠነቅቅ ያለ በቂ ምክንያት የሄደ ግን እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል።

ሁለተኛ፥ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ይኸውም ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ነው።

ሦስተኛ፥ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ውሉ ሲቋረጥ በገንዘብ ይታሰባል። የፈቃዱ መጠን ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው።

«የተጻፈ ውል የለኝም» የሚል ቢኖር፥ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ ብቻ በዚህ አዋጅ የተሰጠውን መብት አያሳጣውም። ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት አለ። ይህ አዋጅ የሚጠብቀው በአሠሪ መሪነት በደመወዝ የሚሠራውን ነው። በራሱ የንግድ ኃላፊነት ዋጋ እየተቀበለ የሚሠራ ሰው ከአዋጁ ውጭ ነው። እንግዲህ በራሱ ሞተር፥ በፈቀደው ሰዓት፥ በየመልእክቱ የሚከፈለው ጓደኛችን ከሁሉ አስቀድሞ «እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ?» ብሎ ውሉን መመርመር አለበት። ከአዋጁ ውጭ ቢሆን እንኳ ያደረሰውን ዕቃና የተቀበለውን ክፍያ በየቀኑ መዝግቦ ቢይዝ፥ ነገ ትጋቱን የሚያስረዳበት ጽሑፍ ያገኛል።

በመጨረሻም ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የከተማውን መንገድ ማወቅ፥ ሰዓት ማክበር፥ የተቆጣ ደንበኛን በትሕትና ማነጋገር፥ የሰውን ገንዘብ ሳያጎድሉ ማስረከብ፥ እነዚህ ሁሉ በሽያጭም ሆነ በመጋዘን ሥራ የሚፈለጉ ችሎታዎች ናቸው። ማታ ሒሳብ አያያዝ እየተማረ፥ ቀን ሞተሩን እየነዳ፥ አዲሱን ቦታ በእጁ ሳያስገባ የፊተኛውን የማይለቅ ሰው ብልህ ነው። ሲለቅም ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ይስጥ፤ የተቀበሉበት ፊርማ ያለበትን ግልባጭ ለራሱ ያስቀር። ስንት ሰው ደብዳቤ ያደረሰ እጅ፥ የራሱን ደብዳቤ ማድረስ አይሳነውም።